ከመደንገጥም ከመደበቅም በፊት የበላነውን እናስታውስ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ሁላችንም በየዕለቱ የምናየው፣ አፍ አውጥተን ግን የማንናገረው አንድ የጤና ምልክት አለ፤ እሱም ዓይነ ምድር ነው። ስለ ራስ ምታትና ስለ ጉንፋን ቡና ላይ ይወራል፤ ዓይነ ምድሬ መልኩን ለወጠ ብሎ መናገር ግን ለትዳር አጋርም ለሐኪምም ያሳፍራል። በዚህ ዝምታ ምክንያት ሁለት ስህተት እንሠራለን። አንዳንዶቻችን በበላነው ምግብ እንደነግጣለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ እውነተኛውን በሽታ በምግብ አሳብበን እቤት እንቀመጣለን። በተለይ ሁለተኛው ሕይወት ያስከፍላል።

ዓይነ ምድር ቡናማ መልኩን የሚያገኘው ከሐሞት ነው። ጉበት የሚያመነጨው ሐሞት መጀመሪያ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ያደላል፤ በአንጀት ውስጥ ሲጓዝ ባክቴሪያዎች ይለውጡትና ቡናማ ይሆናል። በተቅማጥ ጊዜ ጉዞው ስለሚፈጥን አረንጓዴ እንደሆነ ሊወጣ ይችላል። ምግብም የራሱን ቀለም ይጨምርበታል። በጾም ወቅት ጎመንና ቆስጣ የሚያዘወትር ሰው ዓይነ ምድሩ ወደ አረንጓዴ ቢያደላ አያስገርምም። ቀይ ሥር የበላ ሰውም በማግስቱ ዓይነ ምድሩ፣ አንዳንዴም ሽንቱ፣ ቀልቶ ሊያይ ይችላል። የእሸት በቆሎ ገለፈት፣ የቲማቲም ልጣጭና የተልባ ፍሬ ደግሞ ሳይፈጩ ስለሚወጡ ትል ይመስላሉ። ይሁንና ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ነጭና ጠፍጣፋ ቁርጥራጭ፣ በተለይም የሚንቀሳቀስ ካየ፣ የኮሶ ትል ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት።

በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ጥቁር ቀለም ነው። ነፍሰ ጡር እናቶች በእርግዝና ክትትል ወቅት ለደም ማነስ መከላከያ የሚሰጣቸው የአይረን እንክብል ዓይነ ምድርን ያጠቁራል። ይህ የሚሆነው ሰውነት ሳይወስደው የቀረው አይረን ስለሚወጣ ነው፤ ጉዳት የለውም። ቀድሞ ያልተነገራት እናት ግን «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብላ ልታቆመው ትችላለች። ደም ያነሳት እናት ደግሞ በወሊድ ጊዜ የሚፈሰውን ደም መቋቋም ይከብዳታል። ስለዚህ እንክብሉን የሚሰጥ ባለሙያ «ዓይነ ምድርዎ ይጠቁራል፤ አይደንግጡ፣ አያቁሙት» ብሎ መናገር ይገባዋል። ይህን ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው ጥቁር ግን የተለየ ነው። እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የሚጣበቅና ጠረኑ ከወትሮው የከፋ ዓይነ ምድር አብዛኛውን ጊዜ ከጨጓራ ወይም ከትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል የሚፈስ ደም ምልክት ነው። የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ ወይም ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የሚያዘወትር ሰው ይህን ካየ ለነገ ማለት የለበትም። «የጥቁር ጤፍ እንጀራ ስለበላሁ ነው» ማለት ራስን ማታለል ነው፤ እንጀራ ዓይነ ምድርን ሬንጅ አያስመስልም። በተመሳሳይ ቀይ ደም ያየ ሰው ሳይመረመር «ኪንታሮት ነው» ብሎ በባህል መድኃኒት መቆየት የለበትም፤ የአንጀት ካንሰርም እንዲሁ ሊያደማ ይችላል።

አመድማ ወይም ነጣ ያለ ዓይነ ምድር ዓይን ቢጫ ከመሆንና ሽንት ከመጥቆር ጋር ከመጣ፣ ሐሞት ወደ አንጀት በሚገባ እየደረሰ አለመሆኑን ያመለክታል። የሩዝ እጣቢ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ ደግሞ የኮሌራ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ኦ አር ኤስ እየጠጡ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? የቀለም ለውጥ ስናይ መጀመሪያ ባለፉት ሁለት ሦስት ቀናት የበላነውንና የወሰድነውን መድኃኒት እናስታውስ። ምክንያቱ ምግብ ከሆነ፣ ምግቡን ስናቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ካልተመለሰ እንመርመር። ሬንጅ የመሰለ ወይም ደም ያለበት ዓይነ ምድር፣ ማዞር፣ ድካም፣ ደም የተቀላቀለበት ትውከት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ካለ ግን ቀን መቁጠር አያስፈልግም። የጉድጓድ መጸዳጃ የምንጠቀም ሰዎች ቀለሙን ለማየት ስለምንቸገር፣ በተጠራረግንበት ወረቀት ላይ ያለውን ማስተዋል ይረዳናል። ጥርጣሬ ካደረብን ጤና ጣቢያ ሄደን የሰገራ ምርመራ እንጠይቅ።

ሐኪም ፊት ስለ ዓይነ ምድር መናገር ነውር አይደለም። ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችንም ጥያቄውን ቀድመን እንጠይቃቸው፤ ብዙዎቹ የሚያፍሩት የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው።