የሥራ ደንብ የሚፈተነው በኦሞራቴ ነው

ደንብ የሌለው መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ቢበዛ፣ ገንዘቡም ቢትረፈረፍ አጥር እንደሌለው የአትክልት ቦታ ነው፤ የሚደክምበት ሌላ፣ የሚበላው ሌላ ይሆናል። ነገር ግን ደንብ መጻፍ ብቻውን አጥር ማጠር አይደለም። ተጽፎና ማኅተም ተመትቶበት በመዝገብ ቤት ከተቀመጠ በኋላ ማንም የማያነበውና ማንም የማይፈራው ደንብ፣ ጭራሽ ደንብ ካለመኖሩ ይልቅ ጉዳቱ ይከፋል፤ ሠራተኛው የተጻፈውን ነገር መናቅ ከዚያ ይማራልና። ስለዚህ ደንብ የማውጣት ሥልጣን የተሰጣቸው ሹማምንት ሊጠይቁ የሚገባቸው «ደንቡ ተጽፏልን?» ብለው ብቻ አይደለም፤ «ከዋናው መሥሪያ ቤት እጅግ በራቀው በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ይሠራልን?» ብለውም ነው።

ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ ጠረጴዛዎች አንዱ በኦሞራቴ ይገኛል። ኦሞራቴ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በደቡብ ኦሞ ዞን፣ በዳሰነች ወረዳ፣ በኦሞ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከጂንካ ተነሥቶ በቱርሚ በኩል የሚወርድ መንገደኛ ቱርሚን ካለፈ በኋላ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ይደርስባታል። ቦታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ400 ሜትር የማይበልጥ ቆላ ስለ ሆነ ሙቀቷ ብርቱ ነው። ከእርሷ በታች ወንዙ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ኬንያ ነው። ወደዚያ የሚያልፍ መንገደኛ የመውጫውን ማኅተም ሲያስመታ የቆየው በዚህች ከተማ ነው። የዳሰነች ሕዝብ ግን በወሰኑ ወዲህና ወዲያ የሚኖር አንድ ወገን ነው፤ ከብቱን ሣርና ውሃ ወዳለበት ይነዳል፤ ማሽላውንም የወንዙ ሙላት በሸሸበት እርጥብ መሬት ላይ ይዘራል።

እንግዲህ አንድ ወጣት ጸሐፊ በእንዲህ ያለ የጠረፍ ኬላ ተመድቦ ሄደ እንበል። በእጁ የተሰጠው መመሪያ በጭነት መኪና ዕቃ ለሚያሳልፍ ነጋዴ የተጻፈ ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ደረሰኝ ይጠይቃል፤ ማመልከቻም ይጠይቃል። ከፊቱ የቆመው ሰው ግን ጥቂት ፍየሎች የሚነዳና አንድ ከረጢት በቆሎ የተሸከመ፣ ፊደል ያልቈጠረ አርብቶ አደር ነው። ጸሐፊው መመሪያውን ቢፈጽም ድኻውን ይበድላል፤ ቢያሳልፈው ደንቡን ያፈርሳል። በመጀመሪያው ቀን ስለ ርኅራኄ ያሳልፈዋል። በሁለተኛው ቀን ሰውየው ውለታውን ለመመለስ አንድ ፍየል ያመጣለታል። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊው ፍየሉን ሳያይ አያሳልፍም። እንዲህ ሆኖ ሊፈጸም የማይቻል ደንብ ምሕረትን እንደ ዕቃ የሚያሸጥ ገበያ ይከፍታል። ጸሐፊው በእርግጥ ጥፋተኛ ነው፤ ነገር ግን ነጋዴውንና እረኛውን ሳይለይ ደንቡን የጻፈውም ሰው ከጥፋቱ ነጻ አይደለም።

ስለዚህ የደንብ የመጀመሪያው ግዴታ ሊፈጸም የሚችል መሆኑ ነው። ይህም ዛሬ የተገኘ ጥበብ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት በግብጽ የመነኮሳትን የማኅበር ኑሮ በሥርዐት ያቆመው ጳኩሚስ፣ ሥራውም ምግቡም እንደ እያንዳንዱ ሰው ኀይል እንዲመጠን እንዳዘዘ ይነገራል፤ ሥርዐቱም ወደ ግእዝ ተመልሶ በአገራችን ሲነበብ ኖሯል። ብርቱና ደካማ በአንድ ቀንበር ቢጠመዱ ደካማው እንደሚወድቅ፣ ብርቱውም እንደሚያጕረመርም ያ አባት ያውቅ ነበር። ደንብ አውጪው ከመጻፉ በፊት ወደ ኬላው ወርዶ ጸሐፊውን፣ ጠባቂውን፣ ነጋዴውንና እረኛውን ቢጠይቅ ክብሩ አይጎድልበትም፤ ትእዛዙ ግን ዕድሜ ያገኛል።

ሁለተኛው ግዴታ ደንቡ የታወቀ መሆኑ ነው። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም የጀመረው አዋጅ በአዳራሽ ተነግሮ እንዳይቀርና ሁሉ አንብቦ እንዲያውቀው ነው። ከዚህም ወዲህ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዐት አዋጅ ቁጥር 1183፣ የሕዝብን መብትና ግዴታ የሚነካ መመሪያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ረቂቁን አስታውቆ አስተያየት እንዲቀበል፣ መመሪያውንም አስመዝግቦ በይፋ እንዲያወጣ አዟል። በመሳቢያ የተቈለፈ መመሪያ ሰውን ሊያስገድድ አይገባውምና አዋጁ መልካም መሠረት ጥሏል። ሆኖም በኦሞራቴ ነገሩ በድረ ገጽ በመውጣቱ ብቻ አይፈጸምም። ማንበብ ለማይችል ሰው ማስታወቂያ ማለት በገዛ ቋንቋው፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ በገበያ ቀን የተነገረ ቃል ነው። በኬላው ግድግዳ ላይም የሚከፈለው ገንዘብ ልክና የማይከፈልበት ጉዳይ በግልጥ ተጽፎ ሊለጠፍ ይገባል፤ ዋጋው የታወቀ ዕቃ ለአጭበርባሪ አይመችምና።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ግዴታ ደንቡ ከላይ መጀመሩ ነው። ሕዝባችን «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ሲል በከንቱ አልተናገረም። ሚኒስትሮች በጥቅምት 1900 ዓ.ም. በተሾሙ ጊዜ፣ ሥልጣናቸውም በ1935 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 1 በተወሰነ ጊዜ፣ ነገሩ የሥራ ክፍፍል ብቻ አልነበረም፤ ሹም ራሱ ወሰን ያለው መሆኑን የሚያስታውቅ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን መኪና ለግል ጉዳይ መጠቀም ክልክል ነው ብሎ የፈረመ አለቃ፣ በዚያው መኪና ወደ ሠርግ ቢሄድ፣ ያን ቀን ደንቡን የሻረው ራሱ ነው፤ ሹፌሩ የሚከተለው የፈረመውን ወረቀት ሳይሆን የሄደበትን መንገድ ነው። በዳሰነች ባህል አንድ አባት ስለ መጀመሪያ ሴት ልጁ ዲሚ የሚባለውን ሥርዐት ይፈጽማል፤ ከብቱን አርዶ ወገኑን ይጋብዛል፤ ከዚያም በኋላ ከተከበሩት ሽማግሌዎች ጋር ይቈጠራል። ሌላውን ከመምከሩ በፊት የራሱን ግዴታ በሰው ፊት መፈጸሙን ልብ ይሏል።

በዚህ ነገር በመሥሪያ ቤቶች አሠራር ውስጥ ሊታሰብበት የሚገባ ጕዳይ አለ። የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 144 በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎች አሠራር ተወሰነ። አሳቡ ያማረ ነው። ነገር ግን ተቈጣጣሪው ተጠሪነቱ ለሚቈጣጠረው አለቃ ሲሆን፣ ቢሮውንና ወንበሩን ከእርሱ እጅ ሲጠብቅ፣ የታናናሾቹን ጥፋት ለመጻፍ ብዕሩ ይፈጥናል፤ ወደ ላይ ሲደርስ ግን ቀለሙ ይደርቅበታል። የሚቈጣጠር ሰው እንጀራው ከሚቈጣጠረው ሰው ሌማት ሊወጣ አይገባም። ደንብ የሚያወጡ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ቢያስተካክሉ፣ ብዙ አዳዲስ አንቀጾች ከመጨመር የበለጠ ይጠቅማል።

ቅጣቱም ልክ ሊኖረው ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በሥልጣን አለአግባብ መገልገልንና ጉቦ መቀበልን ለይቶ ደንግጎ ነበር፤ እነዚህ የፍርድ ቤት ጕዳዮች ናቸው። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ግን ያረፈደ ጸሐፊና ገንዘብ ያጠፋ ገንዘብ ያዥ በአንድ ሚዛን ቢቀመጡ ፍርድ ይጣመማል። ቀላል ጥፋት ፈጥኖ የተወሰነ ተግሣጽ ይበቃዋል፤ ከባዱ ያለ አድልዎ ወደ ሕግ ይቅረብ። ጥፋቱን የጠቈመ ሠራተኛም እንደ ወሬኛ መቈጠር የለበትም፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 699 ለወንጀል ጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ እንዲደረግ ማዘዙ ለዚህ ነው። እውነት የተናገረው ሰው ወደ ጠረፍ ቢዛወር፣ ውሸት የተናገረው ደግሞ ዕድገት ቢያገኝ፣ የቀሩት ሠራተኞች ትምህርቱን በአንድ ቀን ይጨርሱታል።

የኦሞራቴ ሕዝብ የደንብን ዋጋ በሌላ በኩልም ያውቃል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰው ጨረሰ። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ደግሞ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ ተመረቀ። ግድቡ ለአገር ብርሃን ነው፤ ወንዙም ከዚያ ወዲህ በሰው እጅ ያለ ነገር ሆነ። ሐይቁና ወንዙ ሲሞሉ ግን በ2016 ዓ.ም. ጭምር ብዙ ሺህ ሰው ከመንደሩ ተፈናቅሏል። እንግዲህ ውሃ ለመልቀቅ በር በሚከፈትበት ቀን፣ ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ማስታወቅ እንዳለበት የሚወስን ደንብ ተራ ወረቀት አይደለም። የመልእክቱ ሰዓት በመዝገብ ካልተጻፈ፣ የተቀበለውም ሰው ካልፈረመ፣ ከላይ የአንድ ሠራተኛ ቸልተኝነት የሚባለው ነገር ከታች የእናትና የልጅ ሞት ሊሆን ይችላል።

«ደንብ ቢበዛ ሥራ ይዘገያል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ንግግራቸውም ከፊሉ እውነት ነው። መድኀኒቱ ግን ደንብን መተው ሳይሆን ማሳነስ ነው፤ የማይጠበቁ ብዙ አንቀጾች ከመጻፍ የሚጠበቁ ጥቂቶችን መጻፍ ይሻላል። ደግሞም በበረሃ ኬላ የተቀመጠ ሠራተኛ ደመወዙ በጊዜው ካልደረሰ፣ የሚጠለልበት ቤትና የሚጠጣው ንጹሕ ውሃ ካልተሰናዳ፣ ታማኝነትን ብቻ ከእርሱ መጠየቅ ያላበሉትን በሬ እንደ ማረስ ነው። ደንብ ሠራተኛውን እንደሚያስገድድ ሁሉ መሥሪያ ቤቱንም ያስገድዳል።

በቀድሞ ዘመን በመንገድ የተጣላ ሰው «በሕግ አምላክ!» ተብሎ ሲጠራ በአጠገቡ ወታደር ሳይኖር ይቆም ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽም በነጠላቸው ተቋጥረው ያለ ጠባቂ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ያቆማቸው የቅጣት ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ሕጉ የሁሉ መሆኑን፣ ከእነርሱም በላይ ያለውን ሰው እንደሚይዝ ማመናቸው ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ክፉ ተረት የተወለደው ይህ እምነት በላላበት ቦታ ነው። በኦሞራቴ ያለው ጸሐፊ ፍየሉን መልሶ እረኛውን በሕግ የሚያሳልፍበት፣ ስለዚህም የማይጐዳበት ሥርዐት የቆመ ቀን፣ ያ ተረት ከአፋችን ይጠፋል። ለዚህም መጀመሪያ ሊፈተሽ የሚገባው የጸሐፊው ኪስ ሳይሆን፣ ደንቡን የጻፈው እጅና ደንቡን የፈረመው ሹም ነው።