ማዲያት፣ ሃይድሮኪኖንና የማቆሚያው ቀን

ማዲያት አይገድልም፣ አያምም፤ ግን ከመስታወት ጋር ያጣላል። ብዙ ጊዜ በእርግዝና ወይም በወሊድ መቆጣጠሪያ ሰበብ ይጀምርና ፀሐይ ያባብሰዋል። የቆዳ ሐኪሞች ለዚህ ከሚያዟቸው ቅባቶች አንዱ ሃይድሮኪኖን ነው። ፊት ለማቅላት በየሱቁ ከሚሸጡት ክሬሞች ውስጥም ይኸው ኬሚካል ይገኛል። ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

የሚደግፉት በቂ ምክንያት አላቸው። ሃይድሮኪኖን ቆዳን እንደ በረኪና አያነጣም፤ ሜላኒን የሚያመርተውን ታይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ያግዳል። ከሥር የሚተካው ቆዳ ቀስ በቀስ እየፈካ ስለሚመጣ ለውጡ ሳምንታት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1975 የቆዳ ሐኪሞቹ ክሊግማንና ዊሊስ ሃይድሮኪኖንን ከትሬቲኖይንና ከስቴሮይድ ጋር የቀመሙበት ቅባት ለዛሬዎቹ የማዲያት መድኃኒቶች መሠረት ሆኗል። ካንሰር ያመጣል የሚለው ስጋትም የመነጨው ኬሚካሉን በብዛት ከተመገቡ አይጦች ነው፤ በሚቀቡት ሰዎች ላይ ካንሰር ማምጣቱ አልተረጋገጠም።

የሚቃወሙት ደቡብ አፍሪካን ይጠቅሳሉ። በዚያው በ1975፣ ማቅያ ክሬም ሲቀቡ የኖሩ ሴቶች ፊት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት መያዙን የሕክምና ጽሑፍ ዘገበ። ኦክሮኖሲስ ይባላል፤ አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። ኩል ልትኳል ዓይኗን አጠፋች ማለት ይህ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1990 ኬሚካሉን ከመዋቢያዎች አገደች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ኋላ ተከተለ፤ አሜሪካ ደግሞ በ2020 ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ አደረገች።

ልብ ካልን ሁለቱ ወገኖች የሚያወሩት ስለ አንድ አጠቃቀም አይደለም። አንዱ ጥቁር ነጥቡ ላይ ብቻ፣ ለጥቂት ወራት፣ በሐኪም ክትትል ስለሚቀባ 4 በመቶ ቅባት ይናገራል፤ ሌላው መጠኑ ሳይታወቅ ፊትን ሁሉ ለዓመታት ስለሚቀቡት። ቢሆንም የተቃዋሚዎቹ ነጥብ ቁጥጥር በላላበት ገበያ ይበልጥ ይከብዳል፤ ሜርኩሪ ወይም ኃይለኛ ስቴሮይድ የተደባለቀበት ክሬም ይህን በመለያው ላይ አይገልጽምና። በሌላ በኩል፣ ሃይድሮኪኖንን ከሐኪም እጅ ጭምር መንጠቅ በማዲያት የተቸገረችውን ሴት ወደዚያው ክሬም መግፋት ነው።

ስለዚህ የእኔ ሚዛን ወደ ማዘዣው ያደላል። ነፍሰ ጡር ትታገስ፤ ማዲያቱ ከወሊድ በኋላ በራሱ ሊፈካ ይችላል። የፀሐይ መከላከያ የማይቀባ ሰውም ባይጀምረው ይሻላል፤ ቅባቱ ያፈካውን ፀሐይ መልሳ ታጠቁረዋለች። ሐኪሙ ሲያዝ ደግሞ «መቼ ልጀምር?» ብቻ ሳይሆን «መቼ ላቁም?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሱቅ የሚገዛው ክሬም ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው የለውም።