ጀማሪን ማስተናገድ ባለሙያን መበደል አይደለም

የሶፍትዌር መነሻ ገጽን ለጀማሪ ማቅለል ባለሙያውን መናቅ ነው የሚለው ሐሳብ ፈጽሞ ስህተት ነው። ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እንይ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ይህ ፕሮጀክት ለዓመታት አዲስ ሰው የሚቀበለው በጽሑፍና በሊንክ በታጨቀ ገጽ ነበር። በ2020 መጨረሻ ገጹ ታድሶ የማውረጃው ቁልፍ ከፊት ወጣ። ባለሙያው ምን አጣ? ምንም፤ ሌሎቹ አማራጮች ዛሬም አሉ።

ችግሩ ግን በገጹ ብቻ አልነበረም። ብዙ የዋይፋይ ካርዶች የሚፈልጉት ፈርምዌር በዋናው መጫኛ የተካተተው በ2023 በወጣው ዴቢያን 12 ነው። ከዚያ በፊት ጀማሪው መመሪያውን ተከትሎም ያለ ኢንተርኔት ሊቀር ይችል ነበር። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

ፕሮጀክት የምትመሩ ሁሉ፣ ሶፍትዌሩ ምን እንደሚሠራ ከገጹ አናት ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ትክክለኛውን ፋይል አስቀድሙ፤ ቀጣዩን እርምጃ አሳዩ።