ሐቀኛ ሥራና የማይተኛው ተቆጣጣሪ

ሥራ የሰው ልጅ የኑሮው መሠረት ብቻ ሳይሆን የሰብእናው መለኪያም መሆኑ በየስብሰባው ይነገራል። ይሁን እንጂ የተሠራ ሁሉ ሠሪውን ያስከብራል ማለት አይደለም። ሠሪውን የሚያስከብረው ማንም በማያየው ቦታና ጊዜ እንኳ ሳይጓደል የተከናወነ ሥራ ነው። ዛሬ ልናተኩር የፈለግነውም በዚህ በማይታየው የሥራ ክፍል ላይ ነው።

አንድ የቤት ግንባታ እንመልከት። ከአርማታው ሲሚንቶ ቢቀነስ፣ በምሰሶው ውስጥ ያለው ስታፋ ቢራራቅ፣ አርማታው ከተሞላ በኋላ ለቀናት ውሃ ማጠጣቱ ቢቀር፣ ልስኑ ሁሉንም ይሸፍነዋል። ተቆጣጣሪው መጥቶ ይሄዳል፤ ርክክቡም በፊርማ ይፈጸማል። ጉድለቱን የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። እርሱም ማታ ቤቱ ገብቶ ጎኑን ሲያሳርፍ ከራሱ ጋር ይፋጠጣል። ይህ ማንም ያልሾመው፣ ደመወዝ የማይከፈለው፣ ሌሊትም የማይተኛ ተቆጣጣሪ ኅሊና ይባላል።

ኅሊና በሹመት የሚገኝ ወይም በትምህርት ቤት ብቻ የሚቀሰም ሳይሆን ከሰው ጋር አብሮ የተፈጠረ ነው። ፊደል ያልቆጠረች ሸክላ ሠሪ የተሰነጠቀ ጀበና ደፍኖ ለገበያ ማቅረብ ነውር መሆኑን ለመረዳት መጽሐፍ አላስፈለጋትም። ገዢዋ ጀበናውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ከማዳመጧ በፊት እርሷ በቤቷ አዳምጣዋለች።

የሚያሳዝነው ግን ይህችን የመሰለች ባለሙያ ለዘመናት በንቀት ስትታይ መኖሯ ነው። ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ተሰድቧል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ንቀቱን ከልብ ሊነቅል አልቻለም። የተቀጠቀጠውን ማረሻ እየያዝንና የተሸመነውን ሸማ እየለበስን፣ ከሠሪው ጋር ግን ማዕድ መቁረብንና መጋባትን ስንጸየፍ ኖረናል። ከዚህም የምንረዳው ሕግ ያለ ኅሊና ግማሽ መንገድ ብቻ የሚሄድ መሆኑን ነው።

በአንጻሩ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል ዛሬም ከአንደበታችን አልጠፋም። ሠርቶ የሚበላውን የሚንቅ፣ ሳይሠራ የሚበላውን ግን ብልህ ብሎ የሚያደንቅ ኅብረተሰብ የገዛ ኅሊናውን ይክዳል።

«ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፤ ኅሊና ዳቦ አይሆንም» የሚሉ ወገኖች አሉ። የኑሮው ክብደት የማይካድ ነው፤ ለድካም ተመጣጣኝ ዋጋ መጠየቅም የሠራተኛው መብት ነው። ነገር ግን ሲሚንቶ የጎደለው ጣሪያ የሚያስፈራራው ማንን ነው? ከበርበሬ ጋር የተቀላቀለው የሸክላ ዱቄት የሚገባው በማን ሆድ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ያው ደመወዙ የማያደርሰው የሠራተኛ ቤተሰብ አይደለምን? በመሆኑም በሥራ ላይ የሚፈጸም ማጭበርበር ድኻ ድኻን የሚዘርፍበት መንገድ እንጂ ለችግር መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

የኅሊናን ኃይል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም። የእድራችን ገንዘብ ያዥ የጎረቤቶቹን ወርሐዊ መዋጮ በደብተር እየመዘገበ ዓመታት ያስቆጥራል። እርሱም በችግር ላይ የሚሆንበት ወር አለ። ሆኖም ሐዘን በደረሰ ሌሊት በሩ ሲንኳኳ ገንዘቡ ሳይጎድል ይገኛል። ኩራት ማለት ይህ ነው።

ስለሆነም ከሁላችንም የሚጠበቅ ተግባር አለ። በሥራ ቦታችን የተጓደለውን ልስን ሳይሸፍነው እናርም። በሰፈራችን ስብሰባ ከባለጸጋው ይልቅ ሐቀኛውን ባለሙያ ከፍ ባለው ወንበር እናስቀምጥ። ኃላፊነት የተሰጠንም ብንሆን ከሌላው የምንጠይቀውን በራሳችን እንጀምር። ልጆቻችን «አባትሽ ምን ሠራ? እናትህስ ምን ሠራች?» ተብለው ሲጠየቁ ሳያፍሩ በጣታቸው የሚያሳዩት ሥራ ትተንላቸው ማለፍ ይገባናል።