መጥሪያው ሲመጣ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ ጥቁር ነጠላ የለበሱ እናት ቆመዋል። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ሠራተኛው ቀና ብሎ ሳያያቸው “ፋይሉ የለም፣ ጠፍቷል” አላቸው። ያንኑ ቢጫ ፋይል ከአምስት ደቂቃ በፊት ከጠረጴዛው አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ሲከተው አይቻለሁ። ከእኔ ጋር ሌሎች ሦስት ሰዎችም አይተዋል። በሌላ ቀን ለራሴ ጉዳይ ስመለስ አንድ አጣሪ መጥቶ “ያን ዕለት እዚህ የነበረ አለ?” ብሎ ጠየቀ። የጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ እሱን ሳስር ጥያቄው አለፈኝ።

ጎመን በጤና።

አያቶቻችን እንዲህ ያለ ምቾት አልነበራቸውም። ከብት ተሰርቆ ወይም ቤት ተቃጥሎ አድራጊው ሲሰወር፣ አገሬው ለአውጫጭ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ አፈርሳታ የሚለውም አለ። የቀረ ይቀጣል፣ የመጣም ነገሩ ሳይጣራ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ እርሻው ቢያድር ባያድር ግድ የለም። ጥቆማው “ወፍ” በሚባል፣ ማንነቱ በማይገለጥ ሰው በኩል ይደርሳል። ሌባው ካልተገኘ አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል። ሥርዓቱን ላሞግሰው አልተነሳሁም፤ ቂመኛ ወፍ ስንት ንጹሕ ሰው እንዳስበላ ፈጣሪ ይወቀው። ግን ያየ ሰው ያየውን ይዞ ቤቱ መተኛት አይችልም ነበር። ዝም ያለ ከሌባው ጋር ዕዳ ይካፈላል።

የወላጆቻችን ትውልድ ወዶ አይደለም አፉን የዘጋው። በደርግ ዘመን “ማጋለጥ” የሚለው ቃል ራሱ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ጎረቤትን ለጠመንጃ አሳልፎ መስጠት ሆኖ ነበር። “ሆድ ይፍጀው” ብለው ያሳደጉን እኛኑ ለማትረፍ ነው። ሆኖም በ1984 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናትን የሚከስ የልዩ ዓቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቁጥር 22 ሲቋቋምና ኋላም ችሎቱ ሲከፈት፣ ከዚያው ትውልድ ተነስተው ስለ ልጆቻቸው የመሰከሩ እናቶችና አባቶች ነበሩ። ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲባሉ ፋይሉ ውስጥ የነዚያ ሰዎች ቃል ነበረበት።

እኛስ?

የእኛ መጥሪያ ከነሱ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። የኢትዮጵያ ዕንባ ጠባቂ ተቋምን ብዙ ሰው ደብዳቤ ከመጻፍ ያለፈ አቅም የሌለው አድርጎ ያየዋል። ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 211/1992 ግን ጥርስ ሰጥቶታል። አቤቱታ የቀረበበትን ሰው ጠርቶ ይጠይቃል፤ ምስክር ቀርቦ ቃሉን እንዲሰጥ፣ ሰነድ በእጁ ያለም እንዲያቀርብ ያዝዛል። ተጠርቶ ያለ በቂ ምክንያት የቀረን አዋጁ በወራት በሚቆጠር እስራት ወይም በመቀጮ ያስፈራራዋል። ምስክርን የጎዳን ግን በዓመታት ነው። ሕግ አውጪው በር ላይ ቆሞ የሚያመነታውን ሰው አስቦታል ማለት ነው። እርግጥ ተቋሙ ዳኛ አይደለም፤ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አይነካም፣ መጨረሻ ላይ የሚጽፈውም የመፍትሔ ሐሳብ ነው። ለዚህም ነው ምስክር የሚያስፈልገው፤ ያየ ሰው ያልቆመለት የመፍትሔ ሐሳብ በቀላሉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ምስክርን “ማስገደድ” የሚለው ቃል ብዙዎቻችንን ቢጎረብጠን አይፈረድብንም። ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 በራሱ ላይ እንዳይመሰክር የጠበቀው ተከሳሹን ነው። መስኮት አጠገብ ቆሞ መሳቢያ ሲዘጋ ያየ ሰው ተከሳሽ አይደለም። ለከባድ ወንጀሎች ደግሞ የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ለተራ የቢሮ በደል ግን ከለላችን በአብዛኛው እኛው ነን።

ስለዚህ እኩዮቼ ሆይ፣ “ይሄን ጉድ ተመልከቱ” ብለን በቲክቶክ የለቀቅነውን ቪዲዮ ማን እንደቀረጸው ሲጠየቅ ስልክ ማጥፋቱን እንተው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመስኮቱን ቁጥር እዚያው እንጻፍ። ስንጠራ እንሂድ፤ አንዳችን ሲጠራ ሌሎቻችን እስከ በሩ እንሸኝ፣ ሲመለስም ሥራው ላይ ምን እንደገጠመው እንጠይቅ። “አየሁ” እና “ሰማሁ” ለየቅል መሆናቸውን አጣሪው ሳይነግረን እንወቅ፤ ያላየነውን ለወዳጅም ቢሆን አንመስክር። መዝገብ ቤት የምትሠሩ ደግሞ ጠፋ የተባለው ፋይል የት እንዳለ ከማናችንም በላይ ታውቃላችሁ። አጣሪ ሆናችሁ የተቀጠራችሁም ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት “ያየ አለ?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለብቻ ጥሩን።

ባለፈው ወር እኚያን እናት ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው፤ ነጠላው አሁን ነጭ ነው። ጉዳዩ ዛሬም አላለቀም። ያየሁትን ነገርኳቸው፣ ለምን ዝም እንዳልኩም ጭምር። ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡና ከውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለ የአቤቱታቸውን ቅጂ አወጡ። ጀርባው ላይ ስሜንና ስልኬን ጻፍኩ። ቁጥሩን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ አነበቡት።

“ሌሎቹንስ ታውቃቸዋለህ ልጄ?” አሉኝ።

አንዱን አውቀዋለሁ። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።