የአርሲ ገብስ ለምን አይጠቁርም?

ስታውት የሚባለውን ጥቁር ቢራ በረዶ አድርጎ የሚጠጣ ሰው ሳይ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ምላስን ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ምላስ ደግሞ ከምሬት ሌላ ነገር አይለይም። እንደ ልብ የምንጠጣው ፈዛዛ ላገር ጥም ለመቁረጥ የተሠራ ስለሆነ ቢቀዘቅዝ ይሻለዋል። ስታውት ግን አፉን የሚፈታው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። አሰላ ላይ ይህ ችግር አይደለም። ከተማዋ ጭላሎን ተንተርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ክረምት ማታ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ጠርሙስ ብዙም ሳይቆይ ልኩን ያገኛል። አስተናጋጁን “ፍሪጅ ያልገባውን ስጠኝ” ማለት ብቻ ነው። እሱ በትዝብት ያያችኋል፤ ይይ።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። ባሕር ዳርቻ ባለ አገር የታሸገ ቢራ አሰላ ላይ ሲከፈት ይገነፍላል፤ የውጭው አየር ግፊት ስለሚያንስ ውስጡ የታመቀው ጋዝ በአንዴ ሊወጣ ይሻማል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መክፈት፣ ብርጭቆውን አጋድሞ መቅዳት፣ አረፋው እስኪረጋ መታገስ ነው። ጥሩ ስታውት አረፋው የማኪያቶ አረፋ መልክ አለው። ወደ መብራት ከፍ አድርጋችሁ ብታዩት መሐሉ ድፍን ጥቁር ሆኖ ዳር ዳሩ ቀላ ይላል። ከዚያ ከመጎንጨት በፊት ማሽተት ይመጣል። የሚሸተው የተቆላ ቡና፣ የዳቦ ቅርፊት፣ አንዳንዴም ያልጣፈጠ ቸኮሌት ከሆነ ጎሽ። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ አርጅቷል። ኮምጠጥ ካለ ደግሞ ወይ ሆን ተብሎ እንዲኮመጥጥ ተጠምቋል፣ ወይ ተበላሽቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ወዳጄ የአንድ ትንሽ ጠማቂ ስታውት በጣሳ ይዞልኝ መጣና ብቻዬን ከምጠጣው ብዬ አሰላ ውስጥ ጠላ ጠምቀው ለሚሸጡ አንዲት እናት ቀዳሁላቸው። እማማ መጀመሪያ አልጠጡም። አሸተቱት፣ ብርጭቆውን አዙረው አዩት፣ እንደገና አሸተቱት።

“አሻሮው አልፎበታል” አሉ። “ማነው የቆላው?”

“ፋብሪካ ነው እማማ፣ በማሽን ነው።”

“ማሽን አፍንጫ የለውማ!” አሉና ተጎነጩ። አፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩት። “ጌሾ የለውም አይደል፣ ልጄ? መራራነቱ የሌላ ቅጠል ነው። ሲጀምር ጥሩ ነበር፤ ኋላ ግን ከሰል ከሰል ይላል።”

የቢራ ዳኞች ገጽ ሙሉ የሚጽፉትን እሳቸው በአንድ ጉንጭ ጨረሱት። ሌላ ቅጠል ያሉት ቢራን የሚያመርረው ሆፕስ ነው፤ ልክ ናቸው። ከሰል ከሰል ማለቱም እውነት ነበር፤ ያ ጣሳ ገብሱ ከልክ በላይ ተቆልቷል። የስታውት ጥቁረት የሚመጣው ከአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቁሌት። የሚፈላው እህል አብዛኛው ተራ ፈዛዛ ብቅል ሆኖ አሥር በመቶ ወይም ከዚያ የሚያንስ በጣም የተቆላ ገብስ ወይም ብቅል ይጨመርበታል። የቁሌቱ ሙቀት ከ200 ዲግሪ ያልፋል፤ እዚያ አካባቢ በቡና ሽታና በከሰል መካከል ያለው ልዩነት የደቂቃዎች ነው። እንግሊዛዊው ዳንኤል ዊለር እ.ኤ.አ. በ1817 ብቅል የሚቆላ ተሽከርካሪ ከበሮ ሠርቶ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ይህንኑ ለመቆጣጠር ብሎ ነው። የደብሊኑ ጊነስም ጥቁረቱን የሚያገኘው ሳይበቅል ከተቆላ ገብስ ነው። ሳይበቅል የተቆላ ገብስ እንግዲህ ምን እንደሆነ ለጠላ ጠማቂ አይነገራትም። አሻሮ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ እንኩሮዋን ምጣድ ላይ አገላብጣ፣ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ የምታጥን ሴት የስታውትን ግማሽ ትምህርት ጨርሳለች። ጠላ ስታውት ነው እያልኩ አይደለም። ጠላ ቀጠን ይላል፣ ይኮመጥጣል፣ ጭሱም ከእንጨት ነው። አፍንጫችን ግን ለቁሌት የሠለጠነ ነው ማለቴ ነው፤ ቡናው አለ፣ ቆሎው አለ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። አርሲ ሲባል ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው ሯጮቹን ነው፤ ደራርቱንና ቀነኒሳን ያፈራችው በቆጂ ዙሪያዋን የቢራ ገብስ አገር መሆኗን የሚያነሳ ጥቂት ነው። በስዊድን እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት፣ አንጋፋዎቹ ገበሬዎች ዛሬም “ካዱ” የሚሉት፣ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ወደ አርሲ ገበሬ ያደረሰ ነው። አሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል እስከ ዛሬ በስንዴና በቢራ ገብስ ላይ ይሠራል። አሰላ ብቅል ፋብሪካ ደግሞ በ1976 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ለረጅም ዘመን የአገሪቱን ቢራ ፋብሪካዎች ሲመግብ ኖሯል። ገብሱ ገብቶ ይዘፈዘፋል፣ ለቀናት ይበቅላል፣ በሞቃት አየር ይደርቃል፤ ሳምንት ገደማ የሚፈጅ ሥራ ነው። ፋብሪካው የሚፈልገው ፍሬው እኩል የሆነና ፕሮቲኑ ያልበዛ ገብስ ነው፤ ማዳበሪያ ያበዛ ገበሬ ፕሮቲኑ ከፍ ይልበትና ገብሱ ይመለስበታል። ይህን ጥንቃቄ ከሚሸከሙት የአርሲ ገበሬዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ቢራ በአፋቸው አይዞርም። ሰው ለማይቀምሰው ነገር ይህን ያህል ሲጠነቀቅ ማየት ይገርመኛል።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ የምናገኘው ምንድን ነው? ፈዛዛ ላገር፣ ቀጥሎ ሌላ ፈዛዛ ላገር። ጊዮርጊስ ቢራ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ የእሱን መንገድ ነው የተከተሉት። ጥቁር ቢራ ፈጽሞ አልነበረም አልልም። ሐረር ቢራ ፋብሪካ በሐኪም ተራራ ስም የሰየመው “ሐኪም ስታውት” ነበረው። ለእኔ ጣፋጭነቱ ትንሽ በዝቶ ቁሌቱ ያነሰ ነበር፤ ግን የአገር ስታውት ነበርና ክብሬን አልነፍገውም። ሄኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 የሐረርንና የበደሌን ቢራ ፋብሪካዎች ከመንግሥት ከገዛ በኋላ በየመጠጥ ቤቱ የደመቀው ፈዛዛው ዋልያ ነው። ቦሌ ያለው ቢር ጋርደን ኢን እዚያው ጠምቆ የሚቀዳው “ኤቦኒ” ጠቆር ያለና የሚጣፍጥ ነው፤ ሆኖም በጀርመን ወግ የተሠራ ስለሆነ ስታውት ልለው አልችልም። በአንጻሩ የአሜሪካ ትናንሽ ጠማቂዎች የይርጋጨፌን ቡና ስታውታቸው ውስጥ እየነከሩ በጣሳው ላይ ስሙን በትልቁ ይጽፉታል። ቡናችን እዚያ ደርሶ ስታውት ውስጥ ሲገባ ገብሳችን እዚሁ ተቀምጦ አልጠቆረም።

“ሕዝቡ አይወደውም” የሚሉ የገበያ ሰዎች አሉ። ቡናን ያለ ስኳር፣ አንዳንዱም በጨው፣ ጌሾንም እስከ አንገቱ የሚጠጣ ሕዝብ ምሬት ይፈራል ብሎ ማን ነገራቸው? ያልቀመሰውን እንዴት ይውደድ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን፣ ከሬዲዮና ከመንገድ ሰሌዳ ሲያነሳ ፋብሪካዎቹ ከእንግዲህ በጣዕም ይወዳደራሉ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። የተወዳደሩት በጠርሙስ ቅርጽ ነው። በነገራችን ላይ ጥቁር ቢራ ደም ይተካል የሚባለውን አትመኑ። ለጤና ይስማማል የሚለውን ወሬ ጊነስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በማስታወቂያ አራብቶታል፤ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ብረት ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

አሰላ ላይ ስታውት ለመጥመቅ የሚነሳ ሰው የራሱ ፈተና ይገጥመዋል። ውሃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ከሆፕሱ የሚወጣው ምሬት ያንሳል፤ ወይ ሆፕሱን መጨመር፣ ወይ አፍልቶ ማቆየት ይኖርበታል። ሆፕስ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ነው። በጌሾ ማገዝ ይቻል እንደሆነ ቢሞከር አልጠላም፤ እማማም አይጠሉም። ይህ ሁሉ ትልቅ ፋብሪካ አይጠይቅም፤ ስታውት በትንሽ ጋንም ሊጠመቅ የሚችል መጠጥ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ለብቅል ፋብሪካው ኃላፊዎች ነው። አንድ መቁያ ከበሮ ትከሉ፤ ከበሮው ላይ የምታቆሙትን ሰው ደግሞ ከአሰላ ጠላ ጠማቂዎች መካከል ምረጡ። የተቆላውን ገብስ በኩንታል ሳይሆን በኪሎ ለትናንሽ ጠማቂዎች ሽጡላቸው፤ የመጀመሪያው ጥቁር ቢራ ሲቀዳም ፍሪጅ አታስገቡት።