ካርዱ ቢበላሽ ማን ይከፍላል?

አሶሳ ውስጥ ኮምፒውተር የሚነካካ ሰው ሁሉ ይህችን ጥያቄ ያውቃታል፦ «ያለኝ ሃያ ሺህ ብር ነው፤ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ልግዛ ወይስ ዩዝድ?» ጠያቂዎቹ ጌም ተጫዋቾች ብቻ እንዳይመስሏችሁ። የሠርግ ቪዲዮ በስልኩ ካፕከት ላይ ሲቆርጥ ቆይቶ ሥራ ሲበዛበት ወደ ዴስክቶፕ ለመሻገር የሚፈልግ ልጅ አለ። ብሌንደር የሚለማመድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ለእነዚህ ልጆች ካርዱ የእንጀራ መሣሪያ ነው፤ ሃያ ሺዋ ደግሞ የብዙ ወር ቁጠባ ናት፤ አንዴ ከሄደች ቶሎ አትተካም።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን አላውቅም፣ እኔ ለሁሉም የምመልሰው በሌላ ጥያቄ ነው፦ ካርዱ በሦስተኛው ሳምንት ቢሞት ኪሳራው የማን ነው?

ዩዝድ ለምን እንደሚያጓጓ ግልጽ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ዶላር በጨመረ ቁጥር አዲሱ ካርድ ከኪሳችን ይርቃል፤ ያን ጊዜ ዓይናችን ቴሌግራም ላይ «ስላይትሊ ዩዝድ» ወደሚለው ማስታወቂያ ይሄዳል።

ግን ካርዱ የት ነበር? እስከ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም ድረስ ኢቴሪየም የተባለው ክሪፕቶ ማይን የሚደረገው በግራፊክስ ካርድ ነበር። በዚያን ቀን ኔትወርኩ አሠራሩን ሲቀይር ካርዶቹ ሥራ ፈቱ፤ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶችም በየአገሩ ወደ ዩዝድ ገበያ ወጡ። ማይኒንግ ላይ የነበረ ካርድ ሁሉ የሞተ ነው ማለቴ አይደለም፤ በሥርዓት የተያዘ ካርድ ዛሬም ይሠራል። ችግሩ እናንተ በሥርዓት መያዙን የምታውቁበት መንገድ የላችሁም። ሻጩ ግን ያውቃል።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ኖቤል ተሸልሟል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጭ የዕቃውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ገዢው ስለሚፈራ ለመካከለኛ ዕቃ የሚሆን ዋጋ ብቻ ያቀርባል። ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው «በዚህ ዋጋማ አልሸጥም» ብሎ ይወጣል። ገበያው ላይ የሚበዛው እንከን ያለበት ይሆናል። የእኛ ሰው በሁለት ቃል ጨርሶታል፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ለአሶሳ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ክልላችን ወርቅ በባህላዊ መንገድ የሚወጣበት ነው። ወርቅ ገዢ ፎቶ አይቶ ብር አይልክም፤ ይመዝናል፣ ይፈትናል፣ ከዚያ ይከፍላል። ካርድ ላይ ስንደርስ ግን ይህን ጥንቃቄ እንረሳዋለን። አንድ ጓደኛዬ ከአንድ የቴሌግራም ሻጭ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ብሎ የገዛው ካርድ፣ ጂፒዩ-ዚ በምትባለው ነጻ ፕሮግራም ሲታይ ስሙ በሶፍትዌር የተቀየረ የድሮ ካርድ ሆኖ ተገኝቷል። ሻጩ ስልክ ማንሳት አቁሟል።

አዲስ አበባ ያለ ልጅ መርካቶ ወይም ቦሌ ሄዶ ካርዱን ሰክቶ ያያል፤ ችግር ካለው በነጋታው ሱቁ ደጃፍ ላይ ይቆማል። እኛ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ነው ያለነው። የወለጋው መንገድ ባለፉት ዓመታት በፀጥታ ችግር ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል። አውሮፕላን አለ፤ ግን ካርድ ለማስመለስ ትኬት የሚቆርጥ ማነው?

እስቲ ሒሳቧን እንሥራት፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። አዲሱ 30 ሺህ፣ ዩዝዱ 18 ሺህ ብር ነው እንበል። አሥር ዩዝድ ብትገዙና አራቱ ቢሞቱ፣ 180 ሺህ ብር አውጥታችሁ ስድስት የሚሠራ ካርድ አላችሁ፤ አንዱ 30 ሺህ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ ከአሥሩ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ የሚሞት ከሆነ ዩዝድ ያዋጣል። ይህን ሒሳብ ይዘው «ዩዝድ ምን አለው?» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ግን ለነጋዴ። አማካይ የሚሠራው ደጋግሞ ለሚገዛ ሰው ነው። እናንተ የምትገዙት አንድ ካርድ ነው፤ እሱ ከሞተ አማካዩ ምንም አይጠቅማችሁም።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። ዩዝዱ አሶሳ ውስጥ ካለና ሰክታችሁ መፈተን ከቻላችሁ፣ ዩዝድ ግዙ። ካርዱ አዲስ አበባ ካለና የሚፈትንላችሁ የምታምኑት ሰው ከሌለ፣ ቢረክስም ተዉት፤ ዝቅ ያለ አዲስ ካርድ ይሻላችኋል። አዲሱም ቢሆን ዋስትናው በወረቀት ካልሆነ የታሸገ ካርቶን ብቻ ነው የገዛችሁት። ደረሰኝ ተቀበሉ። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አስፍሯል፤ ያለ ደረሰኝ ግን በምን ትከራከራላችሁ?

ፍተሻው ከባድ አይደለም። በጂፒዩ-ዚ የካርዱን ትክክለኛ ማንነት እዩ። በተለይ አርኤክስ 580 ላይ ተጠንቀቁ፤ 2048 ኮር ብቻ ያለው ዓይነት አለ፣ ዋናው 2304 ነው ያለው። ከዚያ ፈርማርክን ከፍታችሁ ሃያ ደቂቃ አሠሩት፤ ሙቀቱን፣ የፋኑን ድምፅ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ካለ ተመልከቱ። «አያስፈልግም፣ እመነኝ» ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ዕድሜውንም ቁጠሩ። ኤንቪዲያ ለጂቲኤክስ 900 እና 1000 ተከታታይ ካርዶች ከኦክቶበር 2025 በኋላ አዲስ የጌም ድራይቨር እንደማያወጣ፣ እስከ ኦክቶበር 2028 የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ እንደሚሰጥ አስታውቋል። ስለዚህ ዛሬ 1060 ስትገዙ ጡረታ የወጣ ካርድ እየገዛችሁ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት።

ከካርዱ በፊት ግን ፓወር ሰፕላያችሁን እዩ። ብዙዎቻችን ያለን ከቢሮ የወጣ ዩዝድ ዴስክቶፕ ነው፤ ፓወሩ ብዙ ጊዜ ከ300 ዋት በታች ነው። አርኤክስ 580 ለብቻው 185 ዋት ይጠይቃል፣ ተጨማሪ የኃይል ገመድም ይፈልጋል። ጂቲኤክስ 1650 ግን 75 ዋት፣ ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050 ደግሞ 70 ዋት ስለሚበቃቸው፣ አብዛኞቹ ሞዴሎች ያለ ተጨማሪ ገመድ ይሠራሉ። ለእኛ ኮምፒውተር ልክ የሆኑት እነሱ ናቸው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ህዳሴ ግድብ እዚሁ ክልላችን ጉባ ላይ ቢሆንም፣ ሰፈር ውስጥ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን አልተወም። ስታቢላይዘር የሌለው ሰው አዲስም ገዛ ዩዝድ፣ ካርዱን ለዕድል ነው የሰጠው።

የመጨረሻው ቃሌ ለሻጮች ነው። አሶሳ ላይ ኮምፒውተር የምትሸጡ ወንድሞችና እህቶች፣ «ሰባት ቀን ሞክሩት፣ ካልሠራ መልሱ» የሚል ወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ። ዋጋው ላይ ሁለት ሺህ ብር ብትጨምሩ እንኳ ገዢ ታገኛላችሁ፤ ምክንያቱም እኛ አሁንም ለስጋት እየከፈልን ነው፣ የምንከፍለው ግን ለማናውቀው ሰው ነው። ያን ገንዘብ እዚሁ ከተማ ውስጥ ለሚያውቀን ሰው ብንከፍለው ይሻለናል።